ከመተሐራ እስከ አፍዴራ፦ ማግማ ከሚከታተሉ መሣሪያዎች ጋር

ጓደኛዬ የጂኦፊዚክስ ባለሙያ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀበሩ ሲስሞሜትሮችን፣ ማለትም የመሬት መንቀጥቀጥ የሚቀዱ መሣሪያዎችን፣ እየዞረ ያያል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ የተቀዳውን መረጃ ያወጣል። ከጥምቀት በኋላ አንድ ዙር ሊወጣ መሆኑን ሲነግረኝ መኪናው ላይ ቦታ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ባትሪ መሸከም ከቻልክ አለ» አለኝ። ይኼን የጻፍኩት ከተመለስን በኋላ ከደብተሬ እየገለበጥኩ ነው። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት፤ በፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

ጥር 14፣ ሐሙስ። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ መተሐራ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ደረስን። እስከ አዳማ ያለው መንገድ ለስላሳ ነው፣ ብዙ የሚወራለት የለም። አዳማ ላይ ፉልና እንቁላል ፍርፍር በላን፤ ለሦስት ሰው ከሻይ ጋር 720 ብር። ከአዳማ በኋላ ግን የጅቡቲ መንገድ ነው። ቦቴውና ተሳቢው ተያይዞ ይሄዳል፣ አንዱን ስታልፍ ሌላው ፊትህ ይደቀናል፣ ሹፌራችን ሃያ ዓመት የመላለሰበት መንገድ ስለሆነ ነው እንጂ እኔ ብሆን ወለንጪቲ ላይ አቁሜ እመለስ ነበር።

መተሐራ ከመግባትህ በፊት የበሰቃ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። አስፋልቱንም የባቡር ሐዲዱንም ከፍ አድርገው እንደገና መሥራት ግድ ሆኗል። ከውሃው አጠገብ ጥቁር ድንጋይ ተበትኖ ታያለህ። እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው እኮ ርቀቱ። ይኼን መንገድ ስንቴ አልፌበታለሁ፣ ከላቫው ላይ ቆሜ ፈንታሌን ቀና ብዬ ያየሁት ግን አሁን ገና ነው። ከፍታው 2,007 ሜትር ነው፤ ከላይ ሰፊ ጎድጓዳ አፍ አለው።

ያረፍንበት ፔንሲዮን አልጋው 800 ብር ነው፣ ቬንትሌተር አለው። ባለቤቷን ስለ 2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያኔ እንዴት አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን ልጄ፣ ፍራሽ አውጥተን ግቢ ነዋ ያደርነው። ዓይንህ ከደን ሲል ብርጭቆው ይንጫጫል። ልጆቹ ለምደውት ‹ይቺ ትንሽ ናት፣ ይቺ ትልቅ ናት› ማለት ጀምረው ነበር።»

ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀውን አሳዩኝ። በሲሚንቶ ተደፍኗል፣ ግን መስመሩ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ኮርኒሱ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድን። መንቀጥቀጥ የሚቀዳው ጣቢያ ጥግ ላይ በቆርቆሮ ታጥሯል። ትልቅ ነገር እጠብቅ ነበር። ያለው ግን የተቀበረ ሴንሰር፣ አንድ ሣጥን፣ የመኪና ባትሪ የሚመስል ባትሪና አንድ ሶላር ብቻ ነው። ሴንሰሩ በሦስት አቅጣጫ ይቀዳል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። በሰከንድ 100 ጊዜ። የጂፒኤስ አንቴናም አለው፤ ዋና ሥራው ሰዓት መጠበቅ ነው። ሞገዱ አለት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ ስለዚህ የአንድ ጣቢያ ሰዓት በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢዛነፍ 600 ሜትር ተሳስተሃል ማለት ነው።

ጓደኛዬ ላፕቶፑን መሬት ላይ ከፍቶ ያለፈውን ሌሊት ቀረጻ አሳየኝ። ወፈር ያለው መስመር የተሳቢዎቹ ነው አለኝ፤ ሌሊት መንገዱ አይተኛም። ሳያቋርጥ የሚርገበገበው ደግሞ የስኳር ፋብሪካው ሊሆን ይችላል። በመካከል አንዲት ቀጭን ነገር ብድግ ብላ ትወርዳለች፣ ትንሽ ቆይታ ሌላ ከፍ ያለች ትከተላለች። «እቺ ናት መንቀጥቀጥ። የመጀመሪያዋ ፒ፣ ሁለተኛዋ ኤስ።»

ፒ ሞገድ እየገፋና እየሳበ ስለሚሄድ በጠጣርም በፈሳሽም ያልፋል። ኤስ ወደ ጎን እያወዛወዘ ነው የሚሄደው፣ ፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ቅልጥ አለት ያለበት ቦታ ላይ ሁለቱም ይዘገያሉ፣ ኤስ ግን ይበልጥ ይዘገያል፣ ይደክማልም። አንድ መንቀጥቀጥና አንድ ጣቢያ ምንም አይነግሩህም። ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ብዙ መቶ መንቀጥቀጦችን በብዙ ጣቢያ ቀድተህ የየሞገዱን መድረሻ ሰዓት ስታሰላ ግን መስመሮቹ የተሻገሩበት፣ የዘገዩበት ቦታ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሐኪም ቤት ያለው ሲቲ ስካን ጨረሩን ከዙሪያው እየላከ የሆድ ዕቃን እንደሚያሳየው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጨረሩን የምትልከው ራሷ መሬት ናት፣ መቼ እንደምትልክ አታውቅም።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም ተማርኩ። ከእሳተ ገሞራ በታች ያለው ነገር እንደ ቀይ ሐይቅ የሚንቀለቀል ይመስለኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም፣ አብዛኛው ጠጣር ነው፣ በአለቱ ቅንጣቶች መካከል ቅልጡ ጥቂት ከመቶ ሆኖ ተሰግስጎ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ምስሉን ማውጣት አስቸጋሪ የሚሆነው።

ጥር 15፣ ዓርብ። ከፈንታሌ ወደ ዶፈን፣ አዋሽ ሰባት

ዓርብ ስለሆነ ቁርስ ሽሮ ነበር፣ 180 ብር። አዲስ አበባ ሰፈሬ ካለው ይሻላል፤ በርበሬው ቀላል፣ ነጭ ሽንኩርቱ በዛ ያለ።

ወደ ሰሜን ስትሄድ ከአስፋልቱ ወጥተህ ፒስታ ትይዛለህ። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። መሬቱ ላይ ስንጥቆች አሉ። አንዳንዶቹ እግር የሚያስገቡ ናቸው፣ አንዱን በላንድክሩዘሩ ዞረን ነው ያለፍነው። አንዳንዶቹ አሮጌ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግን ጠርዛቸው ገና ስለታም ነው፣ ሣር አልበቀለባቸውም።

እዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ አዲስ አበባ ሆነን በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነው የተከታተልነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀነስ ብሎ ታኅሣሥ ላይ በረታ። ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ አለት፣ ከሥር ተነስቶ እንደ ቀጥ ያለ ግድግዳ መሬቱን እየሰነጠቀ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን እሳተ ገሞራ ይጓዝ ነበር። ባለሙያዎቹ ዳይክ ይሉታል። አለቱ ሲሰነጠቅ መንቀጥቀጡ ይነሳል፣ ስለዚህ የመንቀጥቀጡ ቦታ በካርታ ላይ ሲንቀሳቀስ ማግማው የት እንደደረሰ ትከታተላለህ። የሳተላይት ራዳርም መሬቱ ምን ያህል እንደተከፈተ አሳየ። ታኅሣሥ 25 ዶፈን ላይ እንፋሎትና አቧራ ተምዘግዝጎ ወጣ። በማግስቱ ሌሊት 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ቀሰቀሰ። የካቲት 7 ደግሞ 6.0 መጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። ማግማው ገጽ ላይ አልወጣም፣ እዚያው ከሥር ቀረ።

ታዲያ ከሥር የቀረው ምን ይሆናል? ይኼን ስጠይቅ ጓደኛዬ ደስ አለው። በጥር 1995 ዓ.ም. ኢግል በሚባለው ፕሮጀክት በስምጥ ሸለቆው ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሲስሞሜትሮች ተዘርግተው፣ ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እየተፈነዳ ሞገዱ ተቀድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ምስል በእሳተ ገሞራዎቹ መስመር ሥር፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ሞገድ ከአካባቢው ይልቅ የሚፈጥንባቸው ረጃጅም አካላት አሳየ። ቅልጥ አለት ሞገድን ያዘገያል ብለን የለ? እነዚህ ያፈጠኑት ቀዝቅዘው ስለጠጠሩ ነው። ባለፉት ዘመናት እንደ 2017ቱ ገብቶ ገብቶ የቀረው ማግማ ክምችት ነው። ያን ሁሉ ሌሊት እትዬን ግቢ ያሳደራቸው ነገር ነገ ከዚያ ክምር ላይ አንድ ግድግዳ ይሆናል። ይኼን ስሰማ ቆሜበት የነበረው ሜዳ ሌላ መሰለኝ።

ቀጣዩ ጣቢያ አንድ ጤና ኬላ ግቢ ውስጥ ነበር። ከሩቅ ሶላሩ ሲታይ ደህና ይመስላል። ስንቀርብ ገመዱ የለም። ፍየል በልቶታል። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተልጧል፣ በዚያ ገብታ ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚወርደውን ገመድ አኝካ ጥላዋለች። ባትሪው ያለቀው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተቀዳም።

ጠባቂው ወጣት ልጅ ነው። «ደውዬ ነበር ጋሼ፣ ቁጥሩ አይሠራም» አለ። ቁጥሩን አየነው። ባለቤቱ ከሥራው የለቀቀ ሰው ነው። ይኼ ነገር ሆዴን አብሰከሰከው። ውድ መሣሪያ አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ልጁም ሥራውን ሠርቷል፣ የጎደለው አንድ የሚነሳ ስልክ ነው። የዚህ ጣቢያ መጥፋት ደግሞ የዚህን ቦታ መረጃ ብቻ አይደለም የወሰደው። ከደቡብ ተነስተው በዶፈን ሥር አልፈው እዚህ ይደርሱ የነበሩ መስመሮች በሙሉ ተቆርጠዋል። ያ ክፍል በምስሉ ላይ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል።

አዲስ ገመድ በብረት ቱቦ ውስጥ አስገብተን ቀበርነው። ጓደኛዬ የራሱን ቁጥርና የሌላ ሁለት ሰው ቁጥር በማርከር ሣጥኑ ክዳን ላይ ጻፈ። አዋሽ ሰባት የገባነው መሽቶ ነው። እራት በያይነቱ 220 ብር፣ አልጋ 900።

ጥር 16፣ ቅዳሜ። ወደ ሎግያና ሰመራ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገዋኔን ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩ ከባትሪዎቹ ሥር ስለነበረ ዕቃውን በሙሉ አወረድን፣ እስኮርታውን ገጠምን፣ ዕቃውን መልሰን ጫንን። ጥላ የሚባል ነገር የለም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ምንም ሳንጠይቀው አቁሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠን፣ ብሎኑንም እሱ ነው ያጠበቀልን። ሚሌ ላይ ጎሚስታው ጎማው አይጠገንም አለ። ያገለገለ ገዛን፣ 9,500 ብር፤ አዲስ አበባ ቢሆን በሰባት ሺህ ይገኝ ነበር። ግን እዚያ ቆመህ አትከራከርም።

ሎግያ ከተማዋ ማታ ነው የምትነቃው። ሩዝ በፍየል ሥጋ ትልቅ ትሪ ላይ መጣ፣ ሦስታችን ጠግበን 1,400 ብር። በጥር ወር ቲሸርት ለብሰህ ውጭ ተቀምጠህ መብላት ለአዲስ አበባ ሰው ደስ ይላል።

እዚያ ማታ ወሬው ስለ ዳባሁ እሳተ ገሞራ ሆነ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው በረሃ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዳይክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገባ። መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የገባው ማግማ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ተብሎ ተገምቷል። መስከረም 16 ዳዑሬ በሚባል ቦታ መሬቱ 500 ሜትር ያህል ተሰንጥቆ አመድ ወጣ። ከዚያ እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ሌሎች 13 ዳይኮች ተከተሉ። ዋናው ክስተት ካለፈ በኋላ ነበር በአካባቢው ሲስሞሜትሮች የተተከሉት፣ ተከታዮቹን ግን ደርሰውባቸዋል። መንቀጥቀጡ ከስንጥቁ መስመር መካከል ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ ወደ ጎን ሲሮጥ ታየ። ከዚያ ነው ማግማው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚገፋ የታወቀው። ጠረጴዛችን ላይ የተቀላቀለ አንድ የሎግያ ሰው ያኔ ልጅ ነበርኩ አለን። ዘመዶቹ ግመሎቻቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ሲመጡ፣ ፀጉራቸው በአመድ ነጥቶ እንደነበር ያስታውሳል።

ጥር 17 እና 18። አፍዴራ

ሰርዶን አልፈህ ወደ ሰሜን ስትታጠፍ አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ተሽከርካሪ ግን አታገኝም፣ የሚያጋጥምህ ጨው የጫነ መኪና ብቻ ነው። መንገዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ዳር ዳሩን የጨው ማሳዎች ከበውታል። ከሐይቁ ዳር የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሹፌራችን እግሩን ነክሮ የሳምንት ድካም ወጣልኝ አለ። ሁለት ሊትር ውሃ 80 ብር፣ ሻይ 25።

የመጣነው በሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ምክንያት ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ከሥሩ ማግማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንደተጓዘ በሳተላይት ራዳር ታይቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በታሪክ ሲፈነዳ ያልታወቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ደረሰ፤ እዚያ በረራ እስከማሰረዝ ደርሷል። የሰው ሕይወት እንዳልጠፋ ነው የተነገረው። አፍዴራ ግን አመድ ለበሰች። አሁንም ጣሪያ ላይና ድንጋይ ሥር ቅሪቱ አለ፣ በጣት ስታሸው እንደ ደቀቀ ብርጭቆ ይኮሰኩሳል። ከብት ያላቸው ሰዎች ግጦሹ ተሸፍኖ እንስሳቱ የሚበሉት እንዳጡ ነገሩን።

አዲሱን ጣቢያ በጤና ጣቢያው ግቢ ነው የተከልነው። ጉድጓዱ ቀኑን በላው። ከአንድ ክንድ በኋላ ባዛልት ነው፣ ዲጂኖው ይነጥራል። ሁለት የሰፈሩ ወጣቶች በ1,000 ብር ተስማምተው ገቡበት፣ እኔም ተራዬን ደረስኩ። ሴንሰሩ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ኮምፓስ ደግሞ እዚህ አይታመንም፤ ባዛልቱ መርፌውን ይስበዋል። ስለዚህ አቅጣጫውን በጂፒኤስ ሁለት ነጥብ ወስደው ነው ያወጡት። ከዚያ ማስተካከያ አረፋዋን መሃል ማድረግ፣ መሸፈን፣ ማጠር። የፍየሏን ነገር አስታውሰን ገመዱን ከመጀመሪያው በብረት ቱቦ አስገባነው።

ማታ የአካባቢው አንድ ሽማግሌ ጋበዙን። የግመል ወተት በጭስ በታጠነ ዕቃ መጣ፣ ጠረኑ ከቤታችን የታጠነ እርጎ ጋር ይቀራረባል፣ ጣዕሙ ግን ጨው ይላል። ልጃቸው እያስተረጎመ ብዙ ጠየቁን። ጓደኛዬ ስለ ሞገዱና ስለ ምስሉ አስረዳቸው፣ በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ እንዲህ አሉ።

«እሺ። ይኼ ዕቃ አንድ ነገር ሲሰማ ለማን ነው የሚናገረው?»

«አሁን ለማንም አይናገርም አባ። ካርዱ ላይ ያስቀምጠዋል። እኛ ስንመጣ እናነበዋለን።»

«መቼ ትመጣላችሁ?»

«ከሦስት ወር በኋላ።»

«ያኛው ሦስት ወር አልጠበቀንም» አሉ ወደ ሃይሊ ጉቢ እያመለከቱ።

መልስ አልነበረንም። በዚህ ጉዞ ከሰማሁት ሁሉ የከነከነኝ ይኼ ነው። ማግማው የት እንደተኛ የሚያሳየው ምስል ሊዘገይ ይችላል፣ እንዲያውም ወራት የተጠራቀመ መረጃ ይፈልጋል። መነሳቱን ማወቅ ግን መዘግየት የለበትም። ለዚያ መረጃው በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ አበባ መግባት አለበት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ወረዳውና ወደ እነዚህ ሰዎች መውረድ አለበት። ሣጥኑ ያው ሣጥን ነው፤ የሚጨመረው ሞደም፣ ሲም ካርድና ሞደሙን የሚችል ተጨማሪ ሶላር ነው። ለምርምር ብቻ ብሎ ካርድ ቀብሮ መሄድ ለእኔ አይዋጥልኝም። ከሥራቸው ማግማ ያለው የእነሱ ቤት ነው። መጀመሪያ መስማት ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ጓደኛዬም የሚያስበው ይኼንኑ ነው፣ ግን ኔትወርኩ እንደሚይዝ ሳያረጋግጥ ማንንም ማሳመን አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ሁለት መስመር። በየጥጉ ዞሬ አየሁ፣ በስተደቡብ በኩል ሦስት ይሆናል። ፎቶ አነሳሁት።

ጥር 21፣ ሐሙስ። አዲስ አበባ

ከተመለስን በኋላ ቢሮው ሄጄ የመተሐራውን መረጃ አብረን አየን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መንቀጥቀጥ መቅዳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያኔ በወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። አሁን በአንድ ስክሪን የሦስት ወር መንቀጥቀጥ ይፈሳል። አንዱን መርጦ አሰፋው። ፒዋ ጥርት ብላ ትታያለች፣ ኤሷ ግን ከሚጠበቀው ዘግይታ፣ ደክማ ነው የመጣችው። «በፈንታሌ ሥር ነው ያለፈችው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ግን አልናገርም። ሌሎቹም እንደዚሁ ካሉ ያኔ እናወራለን» አለኝና የመድረሻ ሰዓቷን መዝግቦ ወደሚቀጥለው አለፈ።

የሞደሙ ጥያቄ ለአፍዴራ ጣቢያ ገብቷል፣ የጣሪያው ፎቶም ተያይዟል። የጤና ኬላው ልጅ ትናንት ደውሎ ነበር፣ ገመዱ ደህና ነው፣ አጥሩንም በእሾህ አጥሮታል። ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሞደሙ ከተፈቀደ አፍዴራ ላይ የምንጀምረው ከእሱ ነው።